የልብስ ሰፊዋ ሰዓት

«ዛሬስ አላስተረጉምም! ምላሴ ደክሟል» አለች ቀጮ አንሶላውን ከሳፋው እየጎተተች። «ሰው ወገቡን ይደክመዋል፣ እግሩን ይደክመዋል። እኔን ምላሴን ነው የደከመኝ። በቃ!»

አባቷ በመስኮት ብቅ ብሎ ነበር የጠራት። ከእንግዶቹ አንዷ፣ በጸሎታቸው ብዛት «የጸሎት እናት» የሚባሉት አሮጊት፣ የስፌት ክፍሉን ማየት ይፈልጋሉና ውሰጃቸው ሊላት ነው። ድምፁ ከሰኞ ጀምሮ ጎርንኗል፤ ሊቆጣ እንኳ አቅም አልነበረውም።

የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዛ የምትጠመዝዘው ሳቂታ ግን ሳቋ አመለጣት። ሳቂታ ያሏት ወደው አይደለም፤ መምህር ሲቆጣት እንኳ ትስቃለች። «ያንቺ ምላስ ደከመ? ተኝተሽ እንኳ አያርፍም እኮ!»

እንግዶቹ ከመጡ አራተኛ ቀናቸው ነው። የቀጮን አባትና እናት ለወንጌል ሥራ ወደዚህ አገር ከላከችው ቤተ ክርስቲያን የመጡ አራት ሰዎች ናቸው፤ ሥራውን ሊያዩ፣ ሊያበረታቱ። ደጎች ናቸው፤ ክፉ አልወጣቸውም። ግን ደግ እንግዳም አንሶላ ያቆሽሻል፣ ደግ እንግዳም ሙቅ ውሃ ይፈልጋል። የልጆቹን ክፍል ስለለቀቁላቸው ቀጮና የአምስት ዓመት ወንድሟ ጉልቤ ሳሎን መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ከሁሉ የባሰው ግን ወሬው ነው። እንግዶቹ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም። አባቷ ስድስት ዓመት ኖሮም ይናገራል እንጂ ሰው ሲመልስለት ግማሹ ያመልጠዋል። እናቷ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ምርመራ ክፍል ነው የምትውለው። ስለዚህ «ምን አለ? ምን አለች? ምን ብለው ነው የሳቁት?» የሚለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ቀጮ ላይ ነው።

ድሮም ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዋ ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ለወጣቶች ስለ ኤድስ ስታስተምር አባቷ ስለ መታቀብና ስለ መታመን ይናገራል። እናቷ ቫይረሱ በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደማይተላለፍ በሥዕል ታሳያለች። ቀጮ መሃል ቆማ ታስተረጉማለች። የክፍሏ ልጆች ፊት፣ ያውም አባቷ አጠገብ ቆማ፣ «የግብረ ሥጋ ግንኙነት» የሚለውን በድምፅ ማጉያ የምትናገር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። መጀመሪያ ሰሞን ሼም ሊገድላት ነበር። አሁን ለምዳዋለች፤ የአውቶቡስ ፌርማታ እንደሚጠራ ሰው ነው የምትለው።

«አባባ፣ እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለች ሳቂታ፣ በእነ ቀጮ ቤት ቋንቋ። ከአጥሩ ማዶ ነው ቤቷ። ስድስት ዓመት እዚህ ግቢ ስትጫወት ቋንቋውን ከነስድቡ ለቅማዋለች። «እዚያ ያለችው እማ አይደለች? ለእማ እኔ አስተረጉማለሁ።»

«ተባረኪ» አለ የቀጮ አባት፣ መስኮቱንም ዘጋው።

ሳቂታ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሮጠች። ቀጮ ብቻዋን ከአንሶላው ጋር ቀረች። ጸጥታው ራሱ እረፍት ነበር። ጉልቤ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሳሙና አረፋ ከመዳፉ ላይ እፍ ይላል።

«ቀጮዬ፣ ልብስ ሰፊዋ አሟታል እንዴ?»

«የቷ ልብስ ሰፊ?»

«የሳቂታ እናት ነቻ። የጸሎት እናት ማታ ማታ ስልካቸው ሲጮህ ምግባቸውን ትተው ዓይናቸውን ይጨፍኑ የለ? ለምንድነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ለልብስ ሰፊዋ ነው አሉኝ። ሁልጊዜ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ።»

ቀጮ ክው አለች። የታጠበው አንሶላ ተመልሶ አፈሩ ላይ ወደቀ። ያንን ሁለት ሰዓት የጻፈችው እሷ ናት።

አባቷ በየወሩ ወደ ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ደብዳቤ ይልካል። እሱ ኮምፒውተር ላይ ፊደል የሚለቅመው እንደ ዶሮ አንድ በአንድ ስለሆነ እሱ ይናገራል፣ ቀጮ ትጽፋለች። የዛሬ ስምንት ወር ከዚያ ወገን አንድ መልእክት መጣ። ደብዳቤያችሁ ደረቀብን፣ ሕያው ምስክርነት ላኩልን ይላል። አባቷ ያን እሑድ ሁለት ቦታ ሰብኮ ውሎ ነበርና «ሰው ሰው የሚሸት ነገር ጨምሪበት» ብሏት ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

በዚያው ሳምንት ነበር ሳቂታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ነገር የነገረቻት። እያለቀሰች ነበር የነገረቻት። ሳቂታ ስታለቅስ ቀጮ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። «ለሰው ብትነግሪ እሞታለሁ» ብላታለች። ቀጮም ለሰው አልነገረችም። ጻፈችው እንጂ። «አንዲት ልብስ ሰፊ እህታችን ከቫይረሱ ጋር ትኖራለች። ዘወትር ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በሯን ቆልፋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮዋን ከፍ አድርጋ መድኃኒቷን ትውጣለች። በዚያ ሰዓት አብራችኋት ጸልዩ።» ስም የለበትም። አገሩ ደግሞ ሩቅ ነው፤ በባሕር ማዶ ያለ ሰው ልብስ ሰፊዋን ከየት ያውቃታል? ደጋግማ አነበበችው፤ አማራት። አባቷ ነቅቶ ሲያነበው ዓይኑ እንባ ሞላ። «እናትሽ ናት የነገረችሽ? ሴትየዋ ፈቅዳለች?» ብሎ ጠየቃት። ውጭ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ነበር። ቀጮ ቶሎ መውጣት ፈልጋ ራሷን ነቀነቀች።

አሁን በሳሙና እጇ እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች።

የስፌት ክፍሉ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ሦስት ባለፔዳል መኪናዎች አሉት፤ ግድግዳው ሥር እስከ ጣሪያ የተከመረ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ጨርቅ አለ። በአንደኛው መኪና የሳቂታ እናት ተቀምጣለች። በሁለቱ ስፌት የሚማሩ ሁለት ሴቶች አሉ። ቀጮ በሩ ላይ ስትደርስ የጸሎት እናት የልብስ ሰፊዋን ሁለት እጆች ይዘው እንባቸው እየወረደ ነበር።

«ስምሽን እንኳ አላውቀውም፣ የኔ እናት! ስምንት ወር ሙሉ ‹ልብስ ሰፊዋ፣ ልብስ ሰፊዋ› እያልኩ ነው የጸለይኩልሽ። ጌታ ሸክምሽን ልቤ ላይ አኖረው። አርባ ቤተሰብ ነን፤ ሁላችንም የስልካችንን ደወል ለዚያ ሰዓት ሞልተናል። አንቺ መድኃኒትሽን ስትውጪ እኛ እንንበረከካለን። ኤች አይ ቪ ጌታን አያሸንፈውም!»

ሳቂታ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ስታስተረጉም ነበር፤ በደስታ ነበር የጀመረችው። «ስምሽን አላውቀውም ይላሉ፣ እማ። ስምንት ወር ጸልየውልሻል። አርባ ቤተሰብ... መድኃኒት...» እዚያ ላይ ቆመች።

እናቷ አፏ ውስጥ አራት ስፒል ይዛ ስለነበር በከንፈሯ ጠርዝ ነው የጠየቀቻት። «ምን አሉ?»

ሳቂታ ቀና ስትል በሩ ላይ ቀጮን አየች። አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ስፌትሽ ያምራል ነው የሚሉት።»

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ከሴትየዋ እጅ ቀስ ብላ አወጣች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ስፖንጁ ላይ ሰካቻቸው። «ኤች አይ ቪ ሲሉ እኔም እሰማለሁ፣ ልጄ። እሱ ቃል አስተርጓሚ አይፈልግም» አለች።

ሁለቱ ሴቶች ፔዳላቸውን ካቆሙ ቆይተዋል። የጸሎት እናት ከአንዷ ወደ አንዷ ያያሉ፤ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ልብስ ሰፊዋ የጀመረችውን ቀሚስ አጠፈች፣ መኪናውን ሸፈነች፣ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ለቀጮ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለቻት።

«እናትሽን ሰላም በያት።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቀጮ ግን ብትመታት ይሻላት ነበር። የዚህ ሰፈር ሰው የደም ምርመራ ውጤት በአንድ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ በነርሷ፣ በቀጮ እናት አንገት ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሌላ ማንን ትጠርጥር?

በማግስቱ ሳቂታ ክፍል ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀጮ በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው ጋ ጠብቃ ያዘቻት።

«ስም አልጻፍኩም! በእውነት ስም አልጻፍኩም።»

«በዚህ ቤተ ክርስቲያን ስንት ልብስ ሰፊ አለ?» አለች ሳቂታ። ፊቷ ላይ የሳቅ ዘር አልነበረም።

«እዚያ ሆኖ ማን ያውቃታል ብዬ እኮ ነው...»

«መጡ አይደል እንዴ! አውሮፕላን የሚባል ነገር አለ እኮ፣ አንቺ ፋራ!» ውሃውን ፊቷ ላይ ረጨችው፤ እንባዋ እንዳይታይ ነው። «እማ እናትሽ ናት ያወራችው ብላለች። እነዚያ ሁለቱም ሴቶች እንደዚያው ነው የሚያወሩት። ትናንት ማታ መድኃኒቷን ከመዋጧ በፊት መጋረጃውን ሁለቴ ተመልሳ አየችው።»

«እናቴ እንዳልሆነች ታውቂያለሽ። ለምን አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ ልንገራት? እኔ ነኝ ለጓደኛዬ የዘከዘክሁት ልበላት? ክኒኑን የምቆጥርላት እኔ ነኝ፣ ቀጮ። ከኔ ሌላ የምታምነው ሰው የላትም። ለአንድም ነፍስ እንዳልናገር አስምላኛለች!» ፊቷን በክንዷ ጠረገች። «እንዳትናገሪ። ያኛውን አልቻልሽበትም፤ ቢያንስ ይሄኛውን ቻዪበት።»

ደወል ተደወለ። ቀጮ ቧንቧውን ሳትዘጋው ሄደች፤ ተመልሳ ስትዘጋው ደግሞ ጫማዋ ራሰ። ሁሉም ነገር ደከማት። ብትናገር ሳቂታን ታጣለች። ዝም ብትል ደግሞ እናቷ ባልሠራችው ትታማለች።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ትምህርቱ እንደወትሮው ተሰጠ፤ አባቷ በጎረነነ ድምፁ፣ ቀጮ በደከመ ምላሷ። ከዚያ በኋላ ሰው ከምርመራ ክፍሉ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተራ ይዞ መቀመጥ ነበረበት። በሌላ ጊዜ ሃያም ሃያ አምስትም ሰው ይመጣል። የሚያገቡ ጥንዶች አሉ፣ እርጉዞች አሉ፤ ጓደኛቸውን ሸኝተው ነው እያሉ የሚመጡ ጎረምሶችም አሉ። ዛሬ ሰው ሁሉ ከአዳራሹ እየወጣ አግዳሚውን እንዳላየ አልፎ ሄደ። እናቷ ጓንቷን አጥልቃ እስከ ስድስት ሰዓት በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ አወለቀችው።

ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ የኩሽናው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ቀጮ ድንች ትልጣለች። አባቷ ሻይ እያፈላ ነበር።

«አንድ ሰው» አለች እናቷ። «አንድ ሽማግሌ። እሳቸውም የዓይን ጠብታ ፈልገው ነው።»

«ሰው እንግዶቹን ፈርቶ ይሆናል» አለ አባቷ።

«አይደለም። ነርሷ አፈ ቀላል ናት እየተባልኩ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራኛለች።» ቁልፉን ከአንገቷ ሳታወልቅ በጣቷ ታሻሸው ነበር። «ስድስት ዓመት! ስታጠብ እንኳ አውልቄው አላውቅም። ላንተ እንኳ፣ ለባሌ፣ አንድ ስም ነግሬህ አውቃለሁ? ያቺ ልብስ ሰፊ ለመጀመሪያ ጊዜ አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ ድፍን ዓመት ነው የፈጀባት። አሁን ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።»

አባቷ የስኳሩን ዕቃ ይዞ ቀረ። «ግን እኮ... ፈቅዳለች ብለሽ አልነበር?»

«ማን?»

«ልብስ ሰፊዋ። ለደብዳቤው።»

«የምን ደብዳቤ?»

ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ማንም አላየውም። ሁለቱም ወደ ቀጮ ዞሩ።

አንድ ሌላ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። መዝገቡ ተከፍቶ አየሁት ማለት ይቻላል። ሳቂታ ትድናለች፤ እናቷ ግን መዝገብ ከፍታ የምትተው ነርስ ትሆናለች። ቀጮ እናቷን አየቻት፤ ጫማዋን እንኳ ያላወለቀችውን።

«እማዬ አልነገረችኝም» አለች። «አባዬ፣ ስትጠይቀኝ ራሴን የነቀነቅኩት ውሸቴን ነው። እማዬ ምንም አታውቅም። ደብዳቤው ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«ከየት ሰምተሽ?» አባቷ ድምፁ ተመለሰለት። «ከየት ሰምተሽ ነው አርባ ቤት ያስላክሽኝ?»

«እሱን አልናገርም።»

«አልናገርም? አሁን ነው እንዴ አልናገርም የሚባለው!»

«ተዋት» አለች እናቷ። ከማን እንደሰማች ገብቷት ነበር፤ እናት አይደለች? «ቁጣም እኮ ጉልበት ይፈልጋል። እኔ የለኝም።» ከዚያ ቀጮን አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ከቁጣ የከፋ ነበር። «ሰው እንዳይሸማቀቅ እያልን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጮኸው ውሸት ነበር ማለት ነው? በገዛ ቤቴ?»

ቀጮ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድንቹና ቢላዋው እጇ ላይ ነበሩ።

አባቷ ተቀመጠ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አለ። «አንብቤ አለቀስኩ። አልቅሼ ላክሁት። አንቺን መጠየቅ ሦስት እርምጃ ነበር፤ ከሳሎን እስከ ኩሽና። ስለደከመኝ አልተነሳሁም።» ከዚያ ተነስቶ ኮምፒውተሩን ፍለጋ ሄደ። ለአርባዎቹ ቤቶች ራሱ ሊጽፍ ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ።

እናቷ ነጠላ ጫማ ቀይራ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ልትሄድ ስትነሳ ቀጮ በሩ ላይ ቀደመቻት። «እኔ ልሂድ። መጀመሪያ እኔ።»

«ማን ነገረሽ ትልሻለች።»

«አውቃለሁ።»

እናቷ ፎጣ አቀበለቻት። «ፊትሽን ታጠቢ» አለቻት።

የጸሎት እናት ሳሎን ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ሻርፓቸውን ደርበው ቀድመዋት በሩ ጋ ቆመዋል። ዓይናቸው አብጧል። «ደስ ያላት መስሎኝ ነበር እኮ፣ ልጄ። ሰው የሚያስባት እንዳለ ብታውቅ ደስ ይላታል ብዬ...»

«እማማ፣ እርስዎ ቢቀሩ ይሻላል።»

«አልገባም። ደጅ ነው የምቆመው።»

የሳቂታ ቤት አንድ ክፍል ነው። በሩን የከፈተችው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። ሳቂታ መስኮቱ ሥር ባለው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ እየዘመዘመች ነበር፤ ቀጮን ስታይ እግሯ ፔዳሉ ላይ ፈጠነ።

«ግቢ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ተቀመጪ ግን አላለቻትም።

«አክስቴ፣ እናቴ አይደለችም» አለች ቀጮ። ሌላ መግቢያ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠፋት። «እናቴ ስለርስዎ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ለአባቴም ጭምር። ደብዳቤ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቴ እንደነገረችኝ አስመስዬ ለአባቴ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለአርባ ቤት።»

«ምን ብለሽ?»

ቀጮ በቃሏ ታውቀዋለች። ደጋግማ አንብባው የለ? ግን በልብስ ሰፊዋ ቋንቋ ብላው አታውቅም ነበር። «አንዲት ልብስ ሰፊ እህታችን...» አለች፤ «ሁለት ሰዓት ላይ...» አለች፤ «በሯን ቆልፋ፣ ሬዲዮዋን ከፍ አድርጋ...» አለች። የነገሩ ባለቤት ቆማ እየሰማች ሲነገር ያ የሚያምር ነገር ምኑም አላማረም። እስክትጨርስ ሁለቴ ቆመች።

ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ አዳመጠቻት። «ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ነው» አለች። «ደንብ ልብስ እሰፋለሁ፣ ልጅ አሳድጋለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እስቃለሁ። አንዷን ሰዓት ብቻ ነው የጻፍሽላቸው።»

«አዎ» አለች ቀጮ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ አንድ ነገርም ልለምን። ለእነዚያ ሁለት ሴቶች እናቴ እንዳልሆነች ይንገሩልኝ። ማን ነው ካሉ እኔ እንደሆንኩ ይንገሯቸው።»

«እነግራቸዋለሁ። ሴትየዋን በነገር አቁስያታለሁ፤ እሱ የኔ ዕዳ ነው።» የልብስ ሰፊዋ ግንባር ሲቋጠር ቀጮ አየች። «ቆይ። እናትሽ ካልነገረችሽ... ከውጭ ሰው ያለብኝን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በሬን እንደምቆልፍ ግን እሷም አታውቅም። ሬዲዮውንም አታውቅም። እዚህ ቤት መጥታ አታውቅም።»

መስኮቱ ሥር ፔዳሉ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«አልናገርም» አለች ቀጮ። «ቢመቱኝም አልናገርም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ አልዞረችም። ቀጮን ብቻ ነው የምታየው። ከኋላዋ ሳቂታ ጨርቁን እንደያዘች፣ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ በእነ ቀጮ ቤት ቋንቋ ተናገረች። «ንገሪያት በቃ። እኔ አልችልም፤ አንቺ ንገሪልኝ።»

«ምን አለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ ሲመጣ ቀጮ ሳታስብ ነበር የምትመልሰው፤ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አፍ። አሁንም መልሱ አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ሳቂታ ራሷ ፈቅዳለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብላው ብትገላገል ማን ይቆጣታል?

«አክስቴ፣ የሷን እሷ ትንገርዎት» አለች። ሳቂታን አየቻት፤ በራሳቸው ቋንቋ ቀስ ብላ «ትችያለሽ» አለቻት። ከዚያ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

የጸሎት እናት ፀሐይ ላይ ቆመው ሻርፓቸውን ጨብጠው ነበር። ገና ሳትደርስባቸው ነው የጠየቋት። «ምን አሉ? ምን እየተባባሉ ነው?»

ከበሩ ወዲያ የሳቂታ ድምፅ «እማ...» ሲል ተሰማ። ቀጥሎ የሚመጣውም ሊሰማ ነበር፤ በሩ ስስ ነው። ቀጮ የሴትየዋን ክንድ ያዘች።

«እዚህ ይሰማል፣ እማማ» አለች። «ትንሽ ራቅ እንበል።»